አንድ ወረቀት ላይ ሦስት በሽታ፦ ከበጎቹ የመጣው የትኛው ነው?

የጓሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ስለ አባዬ ነው። 57 ዓመቱ ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያርሳል፣ በግ ያረባል። ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ታሟል። ቀን ቀን ደህና ይመስላል። አመሻሽ ላይ ያንዘፈዝፈዋል፣ ሌሊት ላብ በላብ ይሆናል። እናቴ ጠዋት የምታሰጣው ጋቢ ከወንዝ የወጣ ነው የሚመስለው። ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው። ምግብ ጠልቷል፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉን። ሲፕሮና ዶክሲ ለ7 ቀን ዋጠ። ተሻለው፤ እንዲያውም ገብስ ሊወቃ ወጣ። መድኃኒቱ ባለቀ በ10ኛው ቀን ተመለሰበት። ከዚያ ደብረ ብርሃን አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ ዊዳል ኦ 1:160፣ ኦኤክስ 19 1:80፣ ብሩሴላ ሪአክቲቭ፣ ቢኤፍ (የወባው የደም ምርመራ) ኔጌቲቭ። «ሦስቱም አሉበት» ተባልኩና አምስት ዓይነት መድኃኒት ተጻፈልኝ። እስካሁን አልገዛሁም።

ሌላ ነገር፣ ከመታመሙ ሦስት ሳምንት በፊት በግ ሊሸጥ ሸዋ ሮቢት ወርዶ 5 ቀን አድሯል።

ሰው ባንዴ ሦስት በሽታ ይይዘዋል? ወይስ የታመመው ወረቀቱ ነው?

ዳማከሴ

ቆላ ወርዶ ተመልሶ ከሆነ ምች ነው። ዳማከሴ አሽቶ ማጠጣት ነው። እናንተ ደግሞ ወረቀት ታነባላችሁ።

ፒፔት

ዳማከሴ፣ ሻዩን እኛም እንጠጣለን፣ ግን ሁለት ወር የቆየ ላብ ምች አይባልም።

የጓሳ ሥር፣ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ወረቀቱን ልፍታልህ። ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. የወጣ የታይፎይድ ምርመራ ነው። የታይፈሱ ዌል ፊሊክስ ማለትም ያ ኦኤክስ 19 የ1916 ነው። ሁለቱም የሚያዩት ተህዋሱን ሳይሆን የሰውነትን ምላሽ ነው። ኦኤክስ 19 ጭራሽ የታይፈስ ተህዋስ አይደለም፣ ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። በአጋጣሚ ስለሚመሳሰሉ ነው የምንጠቀምበት። እንዳንተ አባት ያለ ሰው ከዚህ በፊት ያለፈ ነገር ካለው 1:80 ቢወጣ አይገርመኝም። ደህና ሆኖ ለሥራ ምርመራ የመጣ ጎረምሳ ላይም አይቼዋለሁ።

ደግሞ አሠራሩን ማየት አለብህ። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም (ከደም የሚለየው ውኃ)፣ አንድ ጠብታ አንቲጅን (የተዘጋጀ የተህዋስ ፈሳሽ)። ታወዛውዛለህ፣ በዓይንህ ታያለህ። ካለ እንደተቆራረጠ እርጎ ፍርፍር ይላል። ከሌለ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። መሃል ላይ ያለው ነው ችግሩ፤ አንዷ «አለ» ትላለች፣ አንዱ «የለም» ይላል። ከሚገባው ደቂቃ በላይ ከቆየ ዳሩ ይደርቅና የረጋ ይመስላል። ዓርብ ከሰዓት 40 ናሙና ፊትህ ተደርድሮ ሰዓት ላይ ዓይን የሚጥል ስንቱ ነው? እኔም ያልጣልኩባቸው ቀናት አሉ።

ስለዚህ ሦስት ፖዘቲቭ ማለት ሦስት በሽታ ማለት አይደለም። ግን ብሩሴላውን አትናቀው። እሱም ከሌላ ባክቴሪያ ጋር ሊምታታ ይችላል፤ የርሲኒያ የሚባለው አንዱ ዓይነት ዋነኛው አሳሳች ነው። ቢሆንም በግ አርቢ፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የወገብ ሕመም አንድ ላይ ሲመጡ ችላ አይባልም። ሮዝ ቤንጋል በሚባለው የብሩሴላ ምርመራ ይደገም፣ ከዚያ በቲዩብ ታይተሩ፣ ማለትም ሴረሙ ስንት እጥፍ ቢበረዝም ምላሽ እንደሚያሳይ፣ ይለካ። 1:160ና ከዚያ በላይ፣ ምልክቱም ካለ፣ ያኔ ክብደት አለው።

የበግ ዶክተር

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ እዚያው አካባቢ ነው የምሠራው። ሰዉን ለሰው ሐኪም ልተውና ስለ በጎቹ ልጠይቅህ። ዘንድሮ የጣለች በግ አለች? ማን አዋለዳት? እንግዴ ልጁ የት ተጣለ? ወተት ታፈላላችሁ?

የጓሳ ሥር (ጠያቂ)

ልክ ቦታው ላይ ወጋኸኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሦስት በጎች ጣሉ። ሁለቱ ሊወልዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው። አንዷ ጠቦቱ ተቀርቅሮባት አባዬ በእጁ ጎትቶ አወጣው፤ እጁ ላይ የእሾህ ቁስል ነበረበት። እንግዴ ልጁን ውሻው በላው። ውርጭ ስለነበር የታመመችዋን ቤት አስገብተን ምድጃው አጠገብ አሳደርናት።

የበግ ወተት እኛ አንጠጣም። የላም ወተት ግን አለ፣ እናቴ አታፈላውም፤ «ጣዕሙ ይሞታል» ትላለች። እሷም ኅዳር ላይ አንድ ሳምንት ትኩሳትና ደረቅ ሳል ነበራት፣ ሳትታከም ተዋት። የወንድሜ ሚስት ደግሞ እኛው ቤት ናት፣ የ5 ወር እርጉዝ።

የበግ ዶክተር

ይኸው። መጠርጠር የሚገባህ ሁለት ነገር ነው።

አንዱ ብሩሴላ ነው። እኛ ውርጃ በሽታ የምንለው። በጓ ስትጥል እንግዴ ልጁና ፈሳሹ በተህዋሱ ይሞላል። በቁስል፣ በዓይን፣ በአፍ፣ በትንፋሽም ይገባል። የበግና የፍየሉ ሜሊቴንሲስ ይባላል፤ ሰው ላይ ከላሙ ይከፋል። የላሙ በወተት ይመጣል። ስለዚህ አባትህ በሁለት በር ሊገባባቸው ይችላል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ስሙን ያልሰማው ኪው ፊቨር ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ የቄራ ሠራተኞችን ሲያተኩሳቸው ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «ጥያቄ ያለበት ትኩሳት» ተባለ፤ ስሙ እንደዚያው ቀረ። ተህዋሱ ኮክሲየላ ነው። እሱም በግ ያስጥላል፣ እሱም በእንግዴ ልጅ ውስጥ ይከማቻል። ልዩነቱ ሲደርቅ አለመሞቱ ነው። አቧራ ላይ፣ ኩበት ላይ፣ የበግ ጠጉር ላይ ለወራት ይቆያል። ጥቂት ቢተነፍሱት ይበቃል። እናትህ ለባና የበግ ጠጉር የምትፈትል ከሆነ የኅዳሩን ሳሏን እኔ ዝም ብዬ አላልፈውም።

የሚያስቸግረው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የሁለቱም መንገድ አንድ ነው፣ ያቺው በግ፣ ያቺው ሌሊት። አንዱ ተገኘ ማለት ሌላው የለም ማለት አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. አገራችን ከእንስሳት የሚመጡ በሽታዎችን በቅድሚያ ስትለይ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮከስ ነበሩ አምስቱ። ኪው ፊቨር የለበትም። ሐኪሞች ባያስቡት አልፈርድባቸውም።

እንግዴ ልጁን ለውሻ መስጠት ግን ተዉ። ጓንት አድርጎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ኖራ አድርጎ መቅበር ነው።

የጫጫዋ

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ባለቤቴን አንድ ዓመት ሙሉ ለታይፎይድ አከሙልኝ። ስድስት ጊዜ! ስሙን የማልጠራው ቦታ ስንሄድ ገና ካርድ ሳናወጣ «ታይፎይዱ ተነሳብዎ?» ይሉት ነበር። መድኃኒት ሲወስድ ሁለት ሳምንት ይነሳል፣ ከዚያ ይወድቃል። በኋላ የቆለጡ ፍሬ አበጠ፤ አፍሮ ለእኔም አልነገረኝም። አዲስ አበባ ሲመረመር ብሩሴላ። «ተገኘ!» ብለን በደስታ ታከምን። ላቡ ግን አልቆመም። አክታው ሲታይ ቲቢ። ሁለቱም ነበሩበት። ያን ዓመት ሁለት በሬ ሸጠናል።

አቋራጭ

ጎበዝ፣ ምን ያካብዳል? ዶክሲሳይክሊን ብሩሴላን ይነካል፣ ኪው ፊቨርን ይነካል፣ ታይፈስን ይነካል፣ ሌፕቶንም ይነካል። ስድስት ሳምንት ከሪፋምፒሲን ጋር ይስጡትና ይገላገል። ምርመራው ከመድኃኒቱ ይወደዳል።

ተረኛ ሐኪም

አቋራጭ፣ ስምህ ይመጥንሃል። ስለ ዶክሲ ያልከው እውነት ነው፣ ግን አደገኛውም ያው ነው። አባትየው በ7 ቀን ዶክሲ የተሻላቸው ለምን ይመስልሃል? ብሩሴላን አድክሞት ነው እንጂ አልገደለውም። ሴል ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። አንድ መድኃኒት ብቻ፣ ወይም አጭር ጊዜ፣ ከሆነ ይመለሳል። እንዲህ ተሻለ ተመለሰ ማለቱ ራሱ ፍንጭ ነው።

አሁን ስለ ሪፋምፒሲን። ይሄ የቲቢ ዋና መድኃኒት ነው። የጫጫዋን ባለቤት አስቡ። ቲቢ እያለበት ለብሩሴላ ብሎ ሪፋምፒሲን ቢጀመርለት፣ ዶክሲው ለቲቢ አይረዳም፣ ቲቢው ሪፋምፒሲንን ብቻውን ይለማመደዋል፣ ከዚያ መድኃኒቱ አይሠራም። ስለዚህ ላብ፣ ክሳትና የወገብ ሕመም ባለበት ሰው፣ መጀመሪያ ቲቢ ይጣራ፣ ከዚያ ነው የሪፋምፒሲን ወሬ። የጀርባ አጥንትን ቲቢም ብሩሴላም ይበላሉ፤ ራጅ ላይ ደግሞ እየተመሳሰሉ ያሳስታሉ።

የጓሳ ሥር፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማስበው። አንድ በሽታ ሁሉንም ያብራራል ወይ ብዬ እጀምራለሁ። ብሩሴላ የሚመላለሰውን ትኩሳት፣ ላቡን፣ ወገቡን፣ ክሳቱን ያብራራል። ጥሩ። ቀጥሎ «ያላብራራው ምን ቀረ?» እላለሁ። ሳል አላቸው? ደረታቸው ላይ የሚሰማ ነገር አለ? የጉበት ምርመራቸው ተዛብቷል? ልባቸው ላይ ድሮ የነበረ ችግር አለ? ኪው ፊቨር ሳንባና ጉበት ይወዳል። የልብ ቫልቩ ድሮ የተጎዳ ሰው ላይ ከሆነ ደግሞ ቫልቩ ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ሕክምናው ስድስት ሳምንት ሳይሆን ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄዬ «ለተገኘው በሽታ በትክክል ታክሞ በጊዜው ካልተሻለው ምን እፈልጋለሁ?» የሚለው ነው። ይሄኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን።

ሮቢትንም አትርሳ። ከ1,300 ሜትር በታች ነው፣ ወባ አለበት። አንዱ የወባ ዓይነት ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሳል። አንድ ቢኤፍ ኔጌቲቭ ቢሆን አይበቃኝም። ሲያንዘፈዝፋቸው ይደገም።

የወንድምህ ሚስት የበግ ምጥ አጠገብ አትቅረብ። ጉረኖም አትጥረግ። ብሩሴላም ኪው ፊቨርም ፅንስ ላይ ይደርሳሉ። የእርግዝና ክትትሏ ላይ በጎቹ መጣላቸውን ትናገር። ያተኮሳት እንደሆነ ደግሞ ዶክሲ ለእርጉዝ አንሰጥም፣ ሌላ አለ፣ በራሷ እንዳትገዛ።

ቦስተን ነኝ

ማሳቹሴትስ ነው ያለሁት። እዚህ እኔን መዥገር ነክሳኝ ነበር። «ላይም» የሚባል በሽታ ነው ተባልኩ፣ ዶክሲ ተሰጠኝ። ቁስሉ ጠፋ፣ ትኩሳቱ ግን አልሄደም፣ ሽንቴ ጠቆረ። ሐኪሟ በተመሳሳይ መዥገር የሚመጣ ባቤዢያ የሚባል አለ ብላ ደሜን ማይክሮስኮፕ ስር አየችው፤ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ተገኘ፤ ወባ ይመስላል። ዶክሲ እሱን አይነካውም። አቶቫኮንና አዚትሮማይሲን ነው ያዳነኝ። እና አቋራጭ፣ አንድ መድኃኒት ሁሉን ይሸፍናል ብለህ አትተማመን።

የበግ ዶክተር

ጥሩ ምሳሌ ነው። ብቻ ይሄን ያነበበ ሰው መንዝ ውስጥ «ላይም»ን እንዳይፈልግ። ያን የሚያመላልሰው መዥገር የናንተው አገር ነው። የእኛ አሳሳቢ በር ጉረኖው ነው።

አቋራጭ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ምርመራው የት ነው ያለው? የኪው ፊቨር ምርመራ ደብረ ብርሃን ሄጄ ብጠይቅ ይስቁብኛል።

ፒፔት

አይስቁም፣ ግራ ይጋባሉ እንጂ። እውነትህን ነው፣ በየሆስፒታሉ አይሠራም። ቢሠራም አንዴ ደም ሰጥቶ መጨረስ የለም። ኮክሲየላ ሁለት ገጽታ አለው፤ ፌዝ ሁለት የሚባለው አንቲቦዲ (ሰውነት ለተህዋሱ የሚያወጣው ምላሽ) አዲስ ሕመም ላይ ቀድሞ ይነሳል፣ ፌዝ አንድ ደግሞ ሥር የሰደደ ላይ ይጎላል። አዲስ መሆኑን ለማረጋገጥ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወሰድና በአራት እጥፍ መጨመሩ ይታያል። 1:80 የነበረው 1:320 ከሆነ ያኔ አዲስ ነው። አንድ ፖዘቲቭ ብቻውን «መቼ?» የሚለውን አይመልስም። የዛሬ አምስት ዓመትም ሊሆን ይችላል።

የብሩሴላ ካልቸር (ተህዋሱን ሳህን ላይ አሳድጎ ማየት) ካዘዙ ደግሞ ላብራቶሪው ይነገረው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ለእኛም አደገኛ ነው። ሳይነገረን ሳህኑን ከፍተን ስናሸተው ስንቱ ባለሙያ ታሟል። እባካችሁ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ «በግ አርቢ» ብላችሁ ጻፉልን። ሁለት ቃል ነች።

የጓሳ ሥር (ጠያቂ) — ከ16 ቀን በኋላ

ላዘገየሁት ይቅርታ፣ ኔትወርክ እዚያ እንደምታውቁት ነው።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ገና እንደገባን የበጎቹን ነገር ዘረዘርኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እንደገና ንገረኝ» አለችኝ። ሮዝ ቤንጋል ፖዘቲቭ። ቲዩብ 1:640። ቢኤፍ ሲንቀጠቀጥ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ንጹሕ። አክታው በጂን ኤክስፐርት ታይቶ ቲቢ የለም፣ የደረት ራጁም ደህና። የወገቡ ራጅ ላይ ግን ታች ሁለቱ አጥንቶች መሃል ዳሩ ተሸርሽሯል። የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ፣ ቫልቩ ደህና ነው። የጉበት ምርመራው ትንሽ ከፍ ብሏል። «ብሩሴላም ያደርገዋል፣ ኪው ፊቨርም ያደርገዋል» አለች። ታይፎይዱንና ታይፈሱን እርሳስ አውጥታ ሰረዘችው።

አጥንት ስለገባ መድኃኒቱ 3 ወር ነው፦ ዶክሲ፣ ሪፋምፒሲን፣ መጀመሪያ ላይ ለ7 ቀን የጀንታማይሲን መርፌ። የኪው ፊቨር ምርመራ የለም፤ ግን ሴረሙን አስቀምጠዋል፣ ሁለተኛውን በወሩ ይወስዳሉ፣ የሚልኩበት ካገኙ አብረው ይልካሉ። ባይገኝም በ3 እና በ6 ወር ልቡን እንደገና እናየዋለን አለች።

ተረኛ ሐኪም

ጎበዝ ሐኪም ገጥሟችኋል። ሌላ አንባቢ ይሄን መድኃኒት አይቶ እንዳይገዛ፣ ለአጥንት ነው የተራዘመው። አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ዶክሲን በባዶ ሆድ ከወሰዱት ያቅለሸልሻል፣ ውጠው ወዲያው ከተኙ ጉሮሮ ያቆስላል። በብዙ ውኃ፣ ቁጭ ብለው። ከወተት ጋር ግን አይሁን።

የጓሳ ሥር (ጠያቂ)

እሱ ነው ጭቅጭቁ! ሁዳዴ ገብቷል፣ አባዬ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም አለ። የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆድ ዋጠና አስመለሰው። የንስሐ አባቱን ጠራሁ። «መድኃኒት ነው፣ ቁርስ ብላበት፣ ስትድን ትካካሳለህ» አሉት። አሁን ጠዋት ትንሽ የገብስ ገንፎ በተልባ ይበላል፣ ፊቱን አኩርፎ።

የበግ ዶክተር

እኔም ዜና አለኝ። ባለፈው ሳምንት የናንተ ቤት ነበርኩ። ከበጎቹ ደም ወስጄ አየሁት፣ ከሦስቱ ከጣሉት ሁለቱ ለብሩሴላ ፖዘቲቭ ናቸው። ማረጋገጫ ሰበታ፣ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ልኬያለሁ። ሦስተኛዋ ግን ኔጌቲቭ ናት። እሷን ያስጣላት ምንድን ነው? ለዚህ ነው ኮክሲየላውን ከጭንቅላቴ ያላወጣሁት።

የጫጫዋ

ሁለቱን ምን ልታደርጓቸው ነው? ገበያ ወስዳችሁ ለሌላ ሰው እንዳትሸጡት።

የጓሳ ሥር (ጠያቂ)

ወንድሜ ለመሸጥ ነበር ሐሳቡ፣ ለፋሲካ ዋጋ ያወጣሉ። አባዬ ከአልጋው ላይ ሆኖ «የያዘኝን ለሌላ ቤት አልሸጥም» አለ። ዶክተሩ እንዳለው ለይተን አስረናቸዋል፣ የሰበታውን ውጤት እየጠበቅን ነው። ሦስተኛዋም ከነሱ ጋር ናት።

ትናንት ሌሊት ሌላ በግ አማጠች። ጓንት አላገኘሁም፣ የስኳር ፌስታል በሁለቱም እጄ አስሬ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸብቤ አወጣሁት። መንታ ናቸው፣ ሁለቱም ቆመዋል። እንግዴ ልጁን ስቀብር ውሻው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

እናቴ ወተቱን ማፍላት ጀምራለች። ለራሷ አንድ ኩባያ ሳታፈላ እንደምታስቀር ግን የወንድሜ ሚስት ሹክ ብላኛለች።

ፒፔት

የእናትህንም ሴረም አምጣልኝ።